«ዋጋ በውስጥ መስመር» ይቅርብን፦ ለአንድ የማርኬቲንግ ምክር የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም እየተቀባበልነው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ለትንንሽ ነጋዴዎች የተጻፈ ነው። በሶሻል ሚዲያ እንዴት እንደሚሸጥ በሰባት ነጥብ ይመክራል። የማውቃቸው ነጋዴዎች ልከውልኛል። አንዳንዶቹ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አንዳንዶቹ ግን ሳይጠይቁ በምክሩ መሥራት ጀምረዋል። ሥራዬ የሱቆችን ፔጅ ማገዝ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ ምክር በአጭሩ ይህ ነው። ሱቅ አያስፈልግም፣ ስልክ ብቻ ይበቃል። ብሎግና ረጅም ጽሑፍ ሞቷል፣ ቪዲዮ ብቻ ሥሩ። የተከታይ ቁጥር ካደገ ሽያጭ ራሱ ይመጣል። ዋጋ አትጻፉ፣ ገዢው ውስጥ መስመር (ኢንቦክስ) ይምጣ። ለታዋቂ ቲክቶከር ክፈሉ። በሁሉም መድረክ በየቀኑ ፖስት አድርጉ። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ በነጻ ነው።

ጸሐፊው ለነጋዴው አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ሶሻል ሚዲያ ገበያ ያመጣል በሚለውም እስማማለሁ። ገበያ የሚያመጣው ግን ገዢው ለመወሰን የሚያስፈልገውን መልስ በቀላሉ ሲያገኝ ነው። ስንት ነው? የት ነው? መቼ ይደርሳል? ባይሆንልኝ ይመለሳል ወይ? ከሰባቱ ምክሮች ብዙዎቹ ገዢውን ከነዚህ መልሶች ያርቁታል። ቅደም ተከተሉን ትቼ ከባሰው ልጀምር።

«ዋጋ አትጻፉ» ስለሚለው

ጸሐፊው ፎቶውን ለጥፉ፣ ዋጋውን ተዉት ይላሉ። «ስንት ነው?» የሚል ኮሜንት ሲበዛ ፌስቡክም ቲክቶክም ፖስቱን ለብዙ ሰው ያሳያሉ ነው ምክንያታቸው። ውስጥ መስመር የመጣን ሰው ደግሞ አናግሮ ማሳመን ይቀላል ይላሉ።

ኮሜንት የበዛበት ፖስት ብዙ ሰው ጋ መድረሱ እውነት ነው። ማየትና መግዛት ግን ለየቅል ናቸው። እስቲ ከእንዲህ ያለ ፖስት ሥር ያለውን ኮሜንት አንብቡ። «ዋጋ?» «ለምን ዋጋ አትጽፉም?» «ኢንቦክስ አድርጌ የሚመልስልኝ አጣሁ።» የተሰላቸ ሰው ነው የሚናገረው። ሳይጠይቅ ያለፈውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ብዙ ሰው ዋጋ ጠይቆ «አይ፣ አልችልም» ማለት ይከብደዋል። ሱቅ ውስጥ ቢሆን የተለጠፈውን አይቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ውስጥ መስመር ግን ስሙም ፎቶውም አለ። ስለዚህ ጭራሽ አይጠይቅም።

በጣም የሚያሳዝነኝ የሩቁ ገዢ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን አስቡ። ለበዓል ለእናቷ የሐበሻ ቀሚስ መላክ ፈልጋለች። ስልኳን እንደልቧ የምታገኘው በእረፍት ቀኗ ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለው ሻጭ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሏል። ጻፈችለት። መልሱ በማግስቱ መጣ። እሷ ያየችው በሚቀጥለው እረፍቷ ነው። በዚህ መሀል በዓሉ አለፈ። ዋጋው ከፎቶው ሥር ተጽፎ ቢሆን ወዲያው ወስና ለወንድሟ ወይም ለእህቷ ደውላ ታስገዛ ነበር። ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ከአዲስ አበባ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ ሻጩ ተኝቷል።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ሌላም ቅሬታ አላቸው። ስልክ ቁጥራቸው የውጭ አገር መሆኑ ሲታይ ዋጋው ከፍ እንደሚል ያምናሉ። «የዳያስፖራ ዋጋ» ይሉታል። አገር ቤት ያለውም «የፕሮፋይል ፎቶዬን አይተው ነው የጠሩብኝ» ይላል። ሻጩ እንዲህ ያለ ነገር አስቦም አያውቅ ይሆናል። ዋጋው እስካልተጻፈ ድረስ ግን ይህን ጥርጣሬ ማንሳት አይችልም።

ነጋዴዎች ዋጋ የማይጽፉበትን ምክንያት ሲነግሩኝ እሰማለሁ። አንዱ ተፎካካሪ ያየብናል የሚል ነው። ተፎካካሪያችሁ ግን በሌላ አካውንት ጠይቆ ዋጋችሁን ድሮ አውቆታል። የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። ሌላው ገዢው ይከራከረናል የሚል ነው። የተጻፈ ዋጋ ላይም እኮ ሰው ይከራከራል፤ ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል የሚለው ነው። ይሄኛው የምር ችግር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ እቃ የሚሸጥ ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ አይቻለሁ። መፍትሔው ግን ዋጋን መደበቅ አይደለም፤ ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 15 ይሠራል» ማለት ይቻላል። ቀኑ ሲያልፍ ፖስቱን ማስተካከል ነው። በትእዛዝ የሚሠራ እቃ ከሆነ መነሻውን ጻፉ፣ ዋጋው በምን ከፍና ዝቅ እንደሚልም ንገሩ። ጥልፉ ሲሰፋ፣ ጨርቁ ሲቀየር፣ ለልጅ ሲሆን።

ሕጉም የሚለው ነገር አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የእቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በንግድ ቦታው በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሱቃችን ስልካችን ውስጥ ነው ካልን ይህ ግልጽነትም አብሮን ስልካችን ውስጥ መግባት አለበት።

«ብሎግ ሞቷል፣ የእኛ ሰው አያነብም» ስለሚለው

ቪዲዮ ጥሩ ነው። ልብስ፣ የፀጉር ሥራ፣ ምግብ በቪዲዮ ይሸጣል። ሰው አስቦ የሚገዛውን እቃ ግን የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ አይሸጠውም።

የኪችን ካቢኔት እንውሰድ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ካቢኔት ማሠራት ፈለገ። ከፍተኛ ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ጥያቄው ብዙ ነው። ኤምዲኤፍ ይሻለኛል ወይስ ቺፑድ? ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? ስንት ቦርድ ይፈጃል? ቀብዱ ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ተደርጎበት በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ከነዚህ አንዱንም አይመልስም።

አሁን አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቁጭ ብሎ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል። ቺፑድ በዋጋ ይቀላል፣ ግን ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ተራው ኤምዲኤፍም እርጥበት አይወድም። እርጥበት የሚቋቋመው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ከሲንኩ ሥር እሱን አድርጉ። አንድ ቦርድ በተለመደው ልኩ 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለእናንተ ግድግዳ ስንት እንደሚያስፈልግ ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ከኛ ጋር ባትሠሩም እንኳ ይህን ይህን ሠሪያችሁን ጠይቁ።

ይህን አንብቦ የጨረሰ ሰው ማን ጋ ይደውላል? ለኔ መልሱ ግልጽ ነው። ሙያውን የሚያውቅና የማይዋሽ ሰው እንዳገኘ ይሰማዋል። ጽሑፉ ከዓመት በኋላም ጉግል ላይ ይገኛል። ቪዲዮው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ በሌላ ቪዲዮ ተሸፍኗል።

የእኛ ሰው አያነብም የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። ቴሌግራም ቻናል የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ማስታወቂያ፣ ዜና፣ የጤና ምክር፣ ስብከት እዚያው ስናነብ ነው የኖርነው። አንድ የቴሌግራም መልእክት 4,096 ፊደል ድረስ ይይዛል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው። ሰው የማያነበው የማይጠቅመውን ነው። «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ፖስት ለምን ያንብብ?

ብሎግ ለመክፈትም ድረ ገጽ ማሠራት የግድ አይደለም። የጉግል ብሎገር በነጻ ይከፈታል። ጽሑፉን እዚያ አስቀምጡ፣ ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘው። ያንኑ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ለጥፉና ፒን አድርጉት። ሰው በጠየቃችሁ ቁጥር ሊንኩን መላክ ነው።

ስትጽፉ አንድ ነገር አስታውሱ። አማርኛ ፈላጊ ሁሉ በአንድ ፊደል አይጽፍም። አንዱ «ሰርግ»፣ ሌላው «ሠርግ» ብሎ ይፈልጋል። አንዱ «ፀጉር»፣ ሌላው «ጸጉር» ይላል። በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ። በርዕሱ አንዱን፣ በውስጡ ሌላውን ብትጠቀሙ ከሁለቱም ወገን የመገኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። የፊደል ጠንቃቆች ይቅር ይበሉኝና፣ ገዢው የሚፈልግበት አጻጻፍ ጽሑፋችሁ ውስጥ መኖር አለበት።

«ሱቅ አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል» ስለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊውን በግማሽ እደግፋለሁ። የአዲስ አበባን የሱቅ ኪራይ የሚያውቅ ሰው ከቤት ሆኖ መጀመርን አይነቅፍም። ልጅ እያሳደገች በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ እናት ስልኳ ሱቋ ነው። ስልክ ብቻ ይበቃል ማለት ግን አደገኛ ምክር ነው።

ያሳለፍነውን እናስታውስ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ወደ አምስት ወር ያህል ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ብዙ ወራት ሄደ። የባሕር ዳርና የጎንደር ነጋዴ ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ችግሩ ሁልጊዜ ከኛ አገር ብቻም አይመጣም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ደንበኞቹን በቴሌግራም ስማቸው ብቻ የሚያውቅ ሻጭ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በደብተር ይመዝገብ። ከነስሙ፣ ከነገዛው እቃ፣ ከነልኩ። ኢንተርኔት ሲጠፋ መደወልና ኤስኤምኤስ መላክ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ግን ቁጥራቸውን በፈቃዳቸው ውሰዱ፣ ለሌላም አትስጡ።

የመተማመን ጉዳይም አለ። ቀብድ ከላከ በኋላ ብሎክ የተደረገ ገዢ ሞልቷል። «ገንዘቡን ልኬያለሁ» በሚል ሐሰተኛ ስክሪንሹት እቃው የተወሰደበት ሻጭም እንደዚያው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ክፍያ ቀሏል፤ እቃው በር ላይ ሲደርስ አይቶ መክፈል ይቻላል። ሻጭ ሆይ፣ የገዢውን ስክሪንሹት አትመን፤ ገንዘቡ በራስህ ሂሳብ መግባቱን እይ። ገዢ ደግሞ ሰውዬው የት እንደሚገኝ ማወቅ አለበት። ሱቅ ባይኖር እንኳ እቃ የሚረከቡበት ቦታ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሚነሳ ስልክ ፔጁ ላይ ይጻፍ።

«ተከታይ ካለ ሽያጭ አለ» ስለሚለው

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ያህል ተከታይ መግዛት ነውር የለውም እስከማለት ደርሰዋል። ነውርነቱን ለጊዜው እንተወውና ጉዳቱን እንይ። ፖስት ስታደርጉ መጀመሪያ የሚያዩት ከተከታዮቻችሁ ጥቂቶቹ ናቸው። እነሱ ካልነኩት ወደ ሌላው አይሄድም። የተገዙ አካውንቶች ደግሞ አይነኩም፣ አይጽፉም፣ አይገዙም። ስለዚህ ከፍላችሁ የራሳችሁን ፔጅ አፈናችሁ ማለት ነው። ፌስቡክ በጥር 2010 ዓ.ም. ከድርጅት ፖስት ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት እንደሚያስቀድም በይፋ ተናግሯል። ቁጥር ብቻውን ያን ጊዜም አላዋጣም።

እውነተኛ ተከታይም ቢሆን የት እንዳለ ይታይ። ሐዋሳ ላለ የውበት ሳሎን የአዲስ አበባ ተከታይ ምን ይሠራለታል? በዚያው ሰፈር ያሉ ጥቂት መቶ ሴቶች ይበልጡበታል።

«ለታዋቂ ቲክቶከር ክፈሉ» ስለሚለው

አንዳንዴ ይሠራል። አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት በአንድ ቪዲዮ ሰልፍ ሲሰለፍበት ታይቷል። ጽሑፉ ግን ስለ ኃላፊነቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቲክቶከሯ ተጠቅማ የማታውቀውን ክሬም «በሳምንት ለወጠኝ» ካለች፣ ያስነገረው ነጋዴም ከጥፋቱ አያመልጥም። በተለይ የቆዳ ማንጫ ክሬም ሲተዋወቅ ሳይ እፈራለሁ። ከእነዚህ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ተከታዮቿ የሆኑ ታናናሽ እህቶቻችን ናቸው ያንን የሚቀቡት። የትኛውም ሽያጭ ይህን አያክልም።

መክፈል ካለባችሁ እቃውን በትክክል ለተጠቀመ ሰው ክፈሉ። የተከፈለበት መሆኑን ይናገር። ምን ያህል ሰው ደወለ፣ ምን ያህሉ ገዛ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ በዚያ ቪዲዮ ብቻ የሚነገር የቅናሽ ቃል አዘጋጁ። ቪውማ ደመወዝ አይከፍልም።

«በሁሉም ቦታ፣ በየቀኑ» ስለሚለው

ይህን ማን ይችለዋል? ብቻውን የሚሠራ ሰው ይሰፋል ወይስ ፖስት ያደርጋል? ደንበኞቻችሁ በብዛት ያሉበትን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ምረጡ። ጊዜውን ደግሞ ከኛው የዘመን አቆጣጠር ውሰዱ። የሰርግ ልብስ ሻጭ ስለ ጥር ሰርግ ማውራት ያለበት ከኅዳር ጀምሮ ነው። የደብተርና የዩኒፎርም ሰው ነሐሴ ላይ ይበርታ። የሉካንዳ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የሥጋ ፎቶ ከሚለጥፍ ለፋሲካ ቅርጫ ምዝገባ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

«ሁሉም በነጻ ነው» ስለሚለው

ነጻ አይደለም። ዳታ ይገዛል። ጊዜ ይሄዳል። ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለመድረኩ መክፈል፣ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ብዙ ነጋዴ የሚከፍልበት ካርድ ስለሌለው በብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል። ዶላሩ ሲጨምር ይህም ጨመረ። ለዚህ ሰው ስትከፍሉ ማስታወቂያው ለየትኛው ከተማ እንደታየና ከሰጣችሁት ገንዘብ ስንቱ በትክክል ለማስታወቂያው እንደዋለ የሚያሳየውን ገጽ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ላሳይ የማይል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ትልቁ ወጪ ደግሞ ፔጅ መጥፋት ነው። ነጋዴው ራሱ አይችልበትምና ፔጁን የወንድሙ ልጅ፣ ሠራተኛው ወይም የቡስት ሰውዬው ይከፍትለታል። በእነሱ ስልክ፣ በእነሱ ኢሜይል። ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው ሥራ ይለቃል፣ ወይም በክፍያ ይጣላሉ። ፔጁ አብሮ ይሄዳል። ደንበኛው፣ ፎቶው፣ የሰዉ ምስጋና ሁሉ። ይህ የደረሰባቸው ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያጡት የዓመታት ድካማቸውን ነው።

ስለዚህ ፔጃችሁ በማን ስልክ ቁጥር እንደተከፈተ ዛሬውኑ አጣሩ። ዋና አስተዳዳሪው እናንተ ሁኑ። የሚሠራላችሁን ሰው ከበታች አስገቡት። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ የሚጠይቀውን) በራሳችሁ ሲም አብሩት፤ የይለፍ ቃሉንም ከምታምኑት አንድ የቤተሰብ ሰው በቀር ለማንም አትስጡ።

ጸሐፊው መልስ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ በዋጋው ነጥብ ላይ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በምክራቸው ዋጋቸውን ከፖስት ላይ ያነሱ ነጋዴዎች አሉ፤ እነሱም መልሱን እየጠበቁ ነው።